ያልለበሰው ቱቦ

አንድ ሰው ነበረ፤ ሥራው የሰው ቤት ማሞቅ የሆነ ሰው።

በሰሜን በኩል ባለች ብርዳም ከተማ፣ ፀሐይ በበረዶው ወራት ለወጉ ያህል ብቻ ብቅ ብላ በምትመለስበት አገር፣ ከቤት ቤት እየዞረ የቤት ማሞቂያ ይተክላል። የእኛው ሰው ነው። እውነተኛ ስሙን አልነግራችሁም፤ አንዳርጌ እንበለው። ታሪኩን የነገረኝ እሱ ራሱ ነው። እኔም እንደነገረኝ እነግራችኋለሁ፤ አላሳምረውም። የሚያምር ነገር የለውም።

ወገኖቼ፣ እናንተ ውርጭ ታውቃላችሁ። በኅዳር ጠዋት ባቄላው በአንድ ሌሊት ጠቁሮ አይታችኋል። ደጅ የተረሳ ባልዲ ላይ ውሃው እንደ መስተዋት ረግቶ፣ በጣታችሁ ሰብራችሁ ፊታችሁን ታጥባችኋል። ግን የእኛ ውርጭ ፀሐይ ሲወጣ ይሸሻል። የዚያ አገር ብርድ አይሸሽም። ገብቶ ይቀመጣል፤ ቀኑንም ሌሊቱንም ይቀመጣል፤ ባለቤት ይሆናል።

ስለዚህ በዚያ አገር የቤት ማሞቂያ ጌጥ አይደለም። ግድግዳ ላይ የምትሰቀል ሣጥን ናት። ውስጧ ጋዝ ይነድዳል፤ እሳቱ ውሃ ያሞቃል፤ የሞቀው ውሃ በየክፍሉ በተሰቀሉ ብረቶች ውስጥ እየዞረ ቤቱን ያሞቃል።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ይህች ሣጥን ስትነድ ያልባታል። የድስት ክዳን ስታነሡ ከሥሩ የሚንጠባጠበውን ውሃ ታውቁታላችሁ? እንደዚያ ነው። ያ ውሃ መውጣት አለበት። ትንሽ ነው፤ ጠብ፣ ጠብ ነው፤ ግን መውጣት አለበት። ለእሱ ተብሎ ቀጭን የፕላስቲክ ቱቦ ይዘረጋለታል።

ያቺን ቱቦ ማን ያያታል? ቤት ሊጎበኝ የመጣ እንግዳ «ቱቦዋ እንዴት ታምራለች» ብሎ ያውቃል? ማንም አያያትም። ነገር ግን ሕግ አላት። ከተቻለ ከቤት ሳትወጣ ዕቃ ማጠቢያው ፍሳሽ ውስጥ ትገባለች። ወደ ውጭ መውጣት ግድ ከሆነባት አጭር ትሁን፤ ሰፋ ትበል፤ ቁልቁል ትውረድ፤ ከላይዋም ውሃ የማያስገባ ወፍራም ስፖንጅ ትልበስ። ይህ ካልተደረገ ጠብታው መንገድ ላይ ይረጋል። በረዶው ቱቦዋን ይደፍናል። ውሃው ወደመጣበት ይመለሳል። ሣጥኗም መውጫ እንደሌላት ስታውቅ እሳቷን ራሷ ታጠፋለች።

ጋዝ ጎድሏት አይደለም። እሳት የሚያስነሣው ነገር ተበላሽቶባት አይደለም። የምትጥለውን የምትጥልበት ስላጣች ነው።

ይህን ያዙልኝ።

በዚያች ከተማ ባሉ ሰዎቻችን መካከል ሁለት አረጋውያን ነበሩ፤ ጋሽ ወንድይፍራውና ባለቤታቸው እትዬ አጸደ። ልጅ አልወለዱም። ጋሽ ወንድይፍራው በጉብዝናቸው ጊዜ የአሰብ መንገድ ሾፌር ነበሩ። ተሳቢ እየጎተቱ በዚያ ሐሩር የወረዱ፣ ቆዳቸው እንደ ቆሎ የታመሰ ሰው ናቸው። እርጅና ግን በረዶ አገር ላይ ጠበቃቸው። ሳንባቸው ደክሞ አልጋ ላይ ዋሉ። ሐኪሙ ለእትዬ አጸደ ብዙ ነገር ነግሯቸዋል፤ አጥብቆ የነገራቸው ግን አንድ ነው፤ «ቤቱ እንዳይበርድ»።

አሮጌው ማሞቂያቸው ሲሞት አንዳርጌ መጣ። «እናንተማ ወላጆቼ ናችሁ» ብሎ በነፃ ሊሠራላቸው መጣ። በነፃ። ይህችንም ቃል ያዙልኝ።

ሣጥኗን ከወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሰቀላት። የቱቦዋ ነገር ሲመጣ ቆም ብሎ አሰበ። ዕቃ ማጠቢያው ያለው ከወዲያ ማዶ ነው፤ መሐል ላይ በግድግዳው ርዝመት የተተከሉ የዕቃ ሣጥኖች አሉ።

«ሣጥኖቹን ልንቀላቸውና ቱቦዋ በጀርባቸው ትሂድ» አለ። «ነገ መጥቼ እመልሳቸዋለሁ።»

«የምን ነገ?» አሉ እትዬ አጸደ። «ነገም ልትለፋልኝ? የገዛ ሥራህን ጥለህ? እንዳታደርገው። ሌላ መንገድ የለውም?»

«በውጭ አለ። ግን የግቢው ፍሳሽ እዚያ ጥግ ነው ያለው፤ ይረዝማል።»

«ይርዘም። መርዘሙ ምን ያደርጋል? በል ቶሎ ጨርስና እጅህን ታጠብ፤ ምግቡ ቀዘቀዘ።»

አንዳርጌ ያውቅ ነበር። ሙያው ነው፤ እንዴት አያውቅ? ግን በዕድሜ የገፉ ሴት ቆመው «አትድከም» ሲሉ፣ ምግቡ ተሠርቶ ሲጠብቅ፣ «አይ እትዬ፣ ልድከም» ብሎ መከራከር ነውር መሰለው። ቱቦዋን በግድግዳው ቀዳዳ አውጥቶ፣ በኋላ በር በኩል ባለው ግድግዳ ላይ አስጠግቶ ዘረጋት። ረዘመች። ስለረዘመችም ቁልቁለቷ አነሰ፤ ጋደም አለች። በእጁ የነበረውም ቀጭኑ ቱቦ ነበር።

ጋሽ ወንድይፍራው ከአልጋቸው በመስኮት እያዩ ነበር።

«አንተ ልጅ» አሉት፣ መስኮቱን በጣታቸው እያንኳኩ። «ይኼ ነገር የአሰብ መንገድ ሆነ እኮ። መሐል ላይ ኬላ የለውም?»

«ኬላ የለውም ጋሼ። ሁለት ጎሚቶ ግን አለው፤ እዚያና እዚያ ይታጠፋል።»

«ተጠንቀቅ ታዲያ። እኛም ስንገለበጥ ኩርባ ላይ ነበር።»

ሳቁ። አንዳርጌም ሳቀ።

የሚያለብሳት ስፖንጅ ግን አልቆበት ነበር። «ቅዳሜ ይዤ መጥቼ አለብሳታለሁ» አለ። እትዬ አጸደም «ሲመችህ ልጄ፣ ምን ያስቸኩልሃል» አሉት። ቤቱ ሞቀ። በሉ፤ ጠጡ፤ እጅህ ይባረክ ተባለ፤ ተመረቀ፤ ሄደ።

ቅዳሜ ሌላ ሰው ቤት ሥራ ገባ። ደወለ። «እትዬ፣ ያቺ ቱቦ ሳላለብሳት ቀረሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለ።

«ኧረ ተዋት፤ ምን ሆነች? ይሠራል እኮ። ለእኔ ብለህ እንዳትመጣ።»

እንግዲህ ለማን ብሎ ይምጣ?

ብርዱ ጠና። መኪናዎች በር አልከፍት አሉ፤ የከተማው ሐይቅ ረግቶ ሰው በላዩ እየተራመደ አለፈ። አንድ ጠዋት እትዬ አጸደ ከወጥ ቤት የሚንቋረር ድምፅ ሰሙ። ሣጥኗ ጉሮሮዋ እንደታነቀ ሰው ትንቋረራለች። ውሃው ወደ ኋላ እየተመለሰባት ነው። ጋሽ ወንድይፍራው ከአልጋቸው ሆነው ጆሯቸውን አቆሙ። የእሳቸውም ደረት እንደዚያው ይንቋረር ነበርና፣

«አጸደ፣ እኔ ነኝ ወይስ እሷ ናት?» አሉ።

ትንሽ ቆይቶ የሣጥኗ ድምፅ ጠፋ። ቀይ መብራት በራ። ብረቶቹ ቀዘቀዙ።

አሁን እትዬ አጸደ ምን ያድርጉ? ስልክ አለ። የአንዳርጌ ቁጥር አለ። ቅርብ ነው የሚኖረው። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? አትቸኩሉ። እውነቱን አስቡ።

ጋሽ ወንድይፍራው «ልጁን ጥሪው» አሏቸው።

«በምን ዓይኔ?» አሉ። «በነፃ ሠርቶልኝ፣ ላቡን አፍስሶ፣ ገና ወር ሳይሞላው ሥራህ ተበላሸ ልበለው? ይሉኝታ የሚባል ነገር የለም? ይቀየመኛል። ባይቀየመኝ እንኳ ያፍራል።»

«በዓይንሽ አይደለም እኮ የምትነግሪው፤ በአፍሽ ነው።»

«ብርዱ ይለቅ ይሆናል። እንጠብቅ።»

ጠበቁ። ብርድ ልብስ በብርድ ልብስ ላይ ደረቡላቸው። ጋቢ ደረቡላቸው። ማንቆርቆሪያ በኤሌክትሪክ እያፈሉ፣ ሙቅ ውሃ በላስቲክ ጠርሙስ እየሞሉ፣ በጨርቅ ጠቅልለው እግራቸው ሥር ያስገቡላቸዋል። ሲቀዘቅዝ ይደፉታል፤ ሌላ ያፈላሉ።

ወገኖቼ፣ አንዳርጌ ይህን ሲነግረኝ እዚህ ላይ ደርሶ ጠየቀኝ። «የረጋች ቱቦ መድኃኒቷ ምን እንደሆነ ታውቃለህ?» አለኝ። «ሙቅ ውሃ ነው። የፈላ እንኳ አያስፈልግም፤ ለብ ያለ ይበቃል። አንድ ማንቆርቆሪያ ሙቅ ውሃ ቱቦዋ ላይ ብታፈስበት በረዶው ይለቃል፣ ጠብታው ይወርዳል፣ ቁልፉን ስትጫን እሳቱ ይነሣል። በቃ። ሌላ የለውም።»

መድኃኒቱ በእጃቸው ነበር። እያፈሉት ነበር። ቱቦዋ ከኋላ በሩ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነበረች። እሳቸው አላወቁም። የሚያውቀው ሰው ደግሞ ስልክ ላይ ነበር።

አዎ፤ አንዳርጌ ደውሏል። አንድ ቀን ብቻም አይደለም። ብርዱ ሲጠና ያቺ ራቁቷን የተዋት ቱቦ ትዝ እያለችው ይደውል ነበር።

«እትዬ አጸደ፣ እንዴት ዋሉ? ብርዱ እንዴት ይዟችኋል?»

«እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ፣ ደህና ነን። አንተስ እንዴት ነህ? ባለቤትህ? ልጆቹ?»

«ደህና ናቸው። ቤቱ ይሞቃል?»

«ይሞቃል፣ ይሞቃል። እጅህ ይባረክ።»

ይህን ሲሉ እስትንፋሳቸው ከአፋቸው እንደ ጭስ ይወጣ ነበር።

«እስቲ ጋሼን ያቅርቡልኝ።»

ስልኩን ለጋሽ ወንድይፍራው ሰጧቸው። አሁን ይናገራሉ ትላላችሁ። «ጥሪው» ያሉት እሳቸው አልነበሩም? ሰውየው ስልኩን ጆሯቸው ላይ አደረጉ፤ ሚስታቸውን አዩ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤

«ኧረ እኔ አሰብ ነው ያለሁት» አሉ። «ሸሚዜን ላወልቅ ነው።»

አንዳርጌ ሳቀ። ስልኩን ዘጋ። ደስ አለው።

ለምን ደስ አለው? ይህን ጠይቁልኝ። ሰዎቹ ስለሞቃቸው? እሱስ እንደዚያ ነበር የመሰለው። ለእኔ ግን ሲነግረኝ እንዲህ ነው ያለኝ፤ «ደህና ነን ሲሉኝ መሄድ ቀረልኝ።» ያን ያህል ነው። ጠይቋል። ተመልሶለታል። ሕሊናው ራት በልቶ ተኛ።

ጋሽ ወንድይፍራውን አንድ ረፋድ አምቡላንስ ወሰዳቸው። አልተመለሱም።

ብርዱ ነው የገደላቸው አልላችሁም። አላውቅም። ሐኪሙ ሳንባቸው ነው አለ፤ ሳንባቸውም ድሮውንም ደክሞ ነበር። አንዳርጌ ግን ያውቃል። ወይም የሚያውቅ ይመስለዋል፤ አብሮት ለሚኖር ሰው ሁለቱ አንድ ነው።

ለቅሶ ተሰበሰበ። በዚያች ከተማ ያለ የእኛ ሰው ሁሉ መጣ። ሳሎኑ ሞላ። አሁን እዩልኝ፤ ቤቱ በረዶ ነው። ለቀስተኛው ካፖርቱን አላወለቀም። ሻርፑን አልፈታም። እጁን ብብቱ ውስጥ ሸጉጦ ተቀምጧል። አንድ ሰው ስንኳ «ይህ ቤት ለምን ይበርዳል?» አላለም። በለቅሶ ቤት እንዴት ተብሎ? አንዱ ጎረቤቱን በሹክሹክታ «ለሐዘኑ ብለው አጥፍተውት ይሆናል» አለው። ሌላው «ዝም በል፣ ሰው ይሰማሃል» አለው። ተዝካር ሊመስል ምንም አልቀረውም፤ እንጀራውና ወጡ ዞረ፤ ሰው በጓንት እጁ ሻይ ያዘ።

አንዳርጌ ዘግይቶ ገባ። እንደገባ ፊቱን ብርዱ መታው። አልተቀመጠም። በእጁ መዳፍ በግድግዳው ላይ ያለውን ብረት ነካ።

«እንደ መቃብር ድንጋይ ነበር» አለኝ።

ወጥ ቤት ገባ። ቀዩን መብራት አየ። በኋላ በር ወጣ። ቱቦዋ እሱ እንደተዋት ራቁቷን አለች። ከጫፏ በረዶው እንደ ቀለጠ ሻማ ተንጠልጥሏል፤ ጎሚቶው ላይ ፕላስቲኩ አብጧል። ጋሼ ኩርባው ላይ ነው የተገለበጡት።

ተመልሶ ማንቆርቆሪያ ፈለገ። ሻይ የምታፈላ አንዲት ሴት ለእንግዳ መስሏት ሰጠችው። ወስዶ ቱቦዋ ላይ አፈሰሰው። ሌላ አምጥቶ ጎሚቶው ላይ አፈሰሰው። በረዶው ተሰነጠቀ። ጠብ አለ። ጠብ፣ ጠብ። ገብቶ ቁልፉን ተጫነ። እሳቱ ተነሣ።

እንጀራ ተቆርሶ እስኪዋጥ ያህል ነው የፈጀበት ሥራ።

ቤቱ መሞቅ ጀመረ። ለቀስተኛው አንድ በአንድ ካፖርቱን አወለቀ። ሻርፕ ተፈታ። ከጥግ አንዱ ሽማግሌ እጃቸውን እያፋተጉ «ተመስገን፣ ሞቀ» አሉ።

እትዬ አጸደ ፍራሽ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሙቀቱ ሲደርስባቸው ቀና አሉ። ብረቱን አዩ። ከዚያ አንዳርጌን አዩ።

«አሁን?» አሉ።

አንዳርጌ እግራቸው ሥር ተንበረከከ። «እትዬ፣ ምነው ሳይነግሩኝ? ስንት ጊዜ ጠየቅኩዎት?»

«ጠየቅኸኝ» አሉ። ድምፃቸው ቁጣ የለውም፤ ቁጣ ቢኖረው ይሻለው ነበር። «ጠየቅኸኝ ልጄ፣ እኔም ይመስገን አልኩህ። ሌላ ምን ይባላል?»

ወገኖቼ፣ ይህን ጥያቄ እኔ ከዚያ አገር ተሸክሜው መጣሁ። ብዙ ነገር ተማር ብለው የላኩኝ ሰዎች ነበሩ፤ ብዙ ነገርም ተምሬያለሁ። ለዚህ ግን መልስ አላመጣሁላችሁም። ሌላ ምን ይባላል?

በማግሥቱ አንዳርጌ ወፍራም ስፖንጅ ይዞ ሄደ። ቀጭኑን ቱቦ ነቅሎ ሰፊውን ተከለ፤ በሣጥኖቹ ጀርባ አሳልፎ ማጠቢያው ጋ አስገባው፤ ከእንግዲህ ወደ ውጭ የማይወጣውን ቱቦ ሳይቀር ስፖንጅ አለበሰው። እትዬ አጸደ «አትድከም» አላሉትም። ዛሬ በዚያች ከተማ እንደዚያ ተጠንቅቆ የተሠራ ቱቦ የለም። ቤቱ ይሞቃል። አልጋው ባዶ ነው።

ዛሬም ይደውልላቸዋል። «እንዴት ነዎት?» ይላቸዋል። «እግዚአብሔር ይመስገን» ይሉታል። ስልኩን ይዘጋና ተነሥቶ ይሄዳል፤ በር አንኳኩቶ ይገባል፤ ሳይቀመጥ በመዳፉ ብረቱን ይነካል። ማመን አቅቶታል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ «ተመስገን» ሲል እሱ አፉ አይከፈትም። «ቃሉ አስጠላኝ አይደለም» አለኝ፤ «ከሥሩ ምን እንዳለ አላውቅም።»

ምን ልበለው? የሰባኪ ወጉ ማጽናናት ነው። አይዞህ፣ ለበጎ ነው፣ ጊዜው ደርሶ ነው ይባላል። እኔ አላልኩትም። ይህም ያው ሌላ «ይመስገን» መሰለኝ።

እንግዲህ ወደ እናንተ ልመለስ።

ሰንበት ሰንበት በዚያ በር ስትገቡ አያችኋለሁ። ትከሻ ለትከሻ ትሳሳማላችሁ። እንዴት ነህ፣ እንዴት ነሽ፣ ቤተሰብ እንዴት ነው፣ ሰላም ነው፣ ደህና ናችሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ጥያቄው ሳያልቅ መልሱ ይደርሳል። መልሱ ሳያልቅ ጠያቂው ሌላ ትከሻ ላይ ነው።

ከእናንተ መካከል ልጁ ወጥቶ የት እንደገባ የማያውቅ አባት አለ። ይመስገን ይላል። ባሏ ካናገራት ወራት ያለፋት ሴት አለች። ይመስገን ትላለች። ለመጸለይ ሲንበረከክ ባዶ ግድግዳ የሚያናግር የሚመስለው፣ ግን ይህን ለማንም ለመናገር የማይደፍር ሰው አለ። እሱም ይመስገን ይላል፤ ምናልባትም ከሁሉ ጮክ ብሎ።

ምስጋና ክፉ ነው አልልም። ምላሴ ይታሰር። ግን ምስጋና ቡሽ የሆነበት ጊዜ የለም? ውሃው እንዳይወጣ የምንወትፍበት?

ሰው ሲኖር ያልበዋል፤ እንደዚያች ሣጥን። የሚነድ ልብ ሁሉ የሚጥለው ውሃ አለው፤ ቅሬታ አለው፣ ፍርሃት አለው፣ «ለምን?» የሚል ነገር አለው። ትንሽ ነው፤ ጠብ፣ ጠብ ነው። መውጫ ካገኘ ማንንም አይጎዳም። መውጫውን ግን አረዘምነው። «አታስቸግር» እያልን አዞርነው። «ነውር ነው» እያልን አጎበጥነው። ራቁቱን ለውርጭ ተውነው። ከዚያ አንድ ጠዋት እሳቱ ይጠፋል፤ እኛም ቆመን «እምነቱ ቀዘቀዘ» እንላለን። እሳት ጨምሩበት እንላለን። ይጹም፣ ይዘምር፣ ጉባኤ ይምጣ። እሳት አልጎደለውም እኮ። መውጫ ነው ያጣው።

እናንተ ጠያቂዎችስ? አንዳርጌ ክፉ ሰው ነበር? ደውሏል እኮ። ከብዙዎቻችን ይልቅ ደውሏል። ግን ሲጠይቅ ጆሮው የሚፈልገው አንድ መልስ ብቻ ነበር፤ መሄድን የሚያስቀርለት መልስ። እኛ «ደህና ነህ?» ስንል እየጠየቅን ነው ወይስ እየለመንን? ደህና ነኝ በለኝ፣ ልሂድበት እያልን አይደለም?

ማንቆርቆሪያው እየፈላ ነው ወገኖቼ። በየቤታችን አንድ የሞቀ ነገር አለ። ሌሊት ተነሥታችሁ ለሰው ትጸልያላችሁ፤ አውቃለሁ። ምግብ ሠርታችሁ ትወስዳላችሁ፤ እግር ታሞቃላችሁ። ቱቦዋ ግን ከግድግዳው ወዲያ ናት፤ የት እንደረጋች የሚነግረን የለም፤ የሚነግረን ሰው «ይሞቃል፣ ይሞቃል» ይለናል።

ጌታ ግን ያን የምንጥለውን ውሃ ይቀበላል? ምሬታችንን በፊቱ ብናፈስስ ይሰማናል? ይሰማል ብዬ ነው እዚህ የቆምኩት። አንዳንድ ቀን አምነዋለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ከእናንተ ይልቅ እኔ ካፖርቴን ሳላወልቅ የተቀመጥኩ ይመስለኛል። ይህን የነገርኳችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። ሌላ ምን እንደሚባል ለተጠየቀው ጥያቄ ከእኔ የመጣ የመልስ መጀመሪያ ይሁን ብዬ ነው።

ስብከት በምስጋና ይዘጋል። ዛሬ አልዘጋውም። ክፍት ይሁን፤ ቢበርድም ይብረድ።

ወርጄ በሩ ላይ እቆማለሁ። እንደ ልማዳችን እንዴት ናችሁ እላችኋለሁ፤ እናንተም እንደ ልማዳችሁ ትመልሱልኛላችሁ። ሌላ ቃል ያለው ካለ ይንገረኝ፤ ምን እንደማደርግለት አላውቅም፤ ግን አልሄድበትም። ቃል ያጣ ደግሞ እጁን ይስጠኝ፤ ጓንት ያደረገ ያውልቅ።

ይመስገን ስትሉ እሰማችኋለሁ። የማምነው ግን እጃችሁን ነው።